የ78 ሞዴል፣ በማን አቆጣጠር?

ጓሯችሁ ወይም ቤዝመንታችሁ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያቆማችሁ አንባቢዎች ብዙ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ብስክሌት የሌለበት ቤት ግን ጥቂት ነው፤ ልጆች ያሉበት ቤትማ ሁለትና ሦስት አይጠፋውም። የምነግራችሁ የአንዲት ቬስፓ ጉዳይ ነው። ነገሩ የፊት ፍሬን ነገር ስለሆነ ግን ብስክሌት ያለውንም ይመለከተዋል። ወደ ብስክሌቱ እስክንደርስ ትንሽ ታገሱኝ።

ቬስፓዋን ያመጣቻት ልጄ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ትማራለች። ጥፋቱ የኔ ነው ማለትም ይቻላል። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ በቬስፓ ትምህርት ቤት እንዴት ያደርሰኝ እንደነበር፣ ከፊት ቆሜ መሪውን በሁለት እጄ ስይዝ እሱ ከኋላ በጉልበቶቹ ደግፎ እንደሚይዘኝ ስንት ጊዜ አውርቼላታለሁ። (ልጆች፣ ይሄ እዚህ አገር አይሞከርም። እናታችሁም አትፈቅድም።) ታዲያ ሁለት ሰመር ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ ሰውየው ለዓመታት ቤዝመንት ውስጥ ያስቀመጣትን ፒ200ኢ የምትባል ቬስፓ ገዝታ በፒክአፕ አስጭና ሱቃችን ጓሮ አቆመቻት። ስሪቷ እ.ኤ.አ. የ1978 ነው። ኤግሊንተን ዌስት ላይ ከ2011 ጀምሮ ለባቡሩ ሲቆፈር አቧራውን ስንውጥ የኖርን ሰዎች ስለሆንን፣ አንድ ተጨማሪ የተፈታታ ነገር ጓሮ ላይ ቢቀመጥ አልደነቀኝም።

ሞተሩ ሁለት ቀን ተለፍቶበት ተነሣ። ችግር የነበረው ፊት ነው። የፊቱ ታምቡር ተሰንጥቋል።

ታምቡር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የድሮ ቬስፓ ፍሬን አሁን መኪና ላይ እንደምናየው ዲስክ አይደለም። ከጎማው መሐል እንደ ድስት ያለ ክብ ብረት አለ፤ ታምቡሩ እሱ ነው፣ ከጎማው ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ውስጡ የማይሽከረከሩ፣ ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ብረቶች አሉ። በቀኝ እጃችሁ እጀታውን ስትጨብጡ ካቦው ይሳባል፣ ሁለቱ ብረቶች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ሸራው የድስቱን ውስጠኛ ግድግዳ ይይዛል፣ ጎማው ይቆማል። የኋላው ፍሬን በቀኝ እግር ነው የሚረገጠው። ስንቆም ክብደታችን ሁሉ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወዴት እንደምትወድቁ አስቡ።

አዲስ ታምቡር እዚሁ ማዘዝ ይቻል ነበር። ያላስቻልኩት እኔ ነኝ። «ከአገር ቤት ኦሪጅናሉን አስመጣልሻለሁ» አልኳት። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ መርካቶን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል። መርካቶን የማታውቁ ልጆች፣ እዚያ ሶማሌ ተራ የሚባል ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሠፈር አለ። ከእሱ ሌላ ደግሞ ምን አለሽ ተራ አለ፤ የተጣለ ብረት ሁሉ ተቀጥቅጦ ሌላ ነገር ሆኖ የሚወጣበት። በደርግ ጊዜ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ጭንቅ ስለነበር፣ አባቴም ለቬስፓው የጎደለውን ሁሉ ከእነዚህ ተራዎች ነበር የሚያሟላው። የእኛ ቬስፓ መብራቷ የአንዷ፣ መቀመጫዋ የሌላዋ፣ ቀለሟ ደግሞ የማንም ያልነበረ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሄደች።

ለወንድሜ ደወልኩና «የፒያጆ፣ የፊት ታምቡር፣ የ78 ሞዴል» አልኩት። ሳምንት ሳይሞላ አገኘ። «ሊብሬውን ራሱ አይቼዋለሁ፣ 78 ይላል» አለኝ። ወደዚህ የሚመጣ ዘመድ ነበር፤ ታምቡሩ ከሽሮና ከበርበሬ ጋር በአንድ ሻንጣ መጣ። ከፍተን ስናየው መልኩ ከተሰነጠቀው ጋር አንድ ነው። አንድ ዓይነት ስፋት፣ የጎማው ማሰሪያም በአንድ ዓይነት ቦታ። ልጄ ሸተተችውና «አባዬ፣ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይላል» አለች።

ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ስሙን አልጠራውም፤ መኪና እንጂ ሞተር ሳይክል ብዙ የማይሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ደግሞም ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ። «ያው ሞዴል ነው፣ ግጠሙልን» ብዬ ሄድኩ። ማታ ተገጥሞ ጠበቀን።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ከመንዳቷ በፊት እኔ ልሞክራት አልኩ። ከልጅነቴ ልምዱ አለኝ፣ የሞተር መንጃ ፈቃዱም አለኝ። ከኤግሊንተን ወደ ውስጥ በሚገባ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ደስ ስላለኝ ሦስተኛውን ትንሽ ፈጠን አደረግሁት። መስቀለኛው ጋ ስቶፕ ምልክት አለ። አንዲት እናት ጋሪ እየገፋች መሻገር ጀምራለች። የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ። እጀታው ያለ ምንም ችግር እስከ መሪው ድረስ መጣ፤ ጎማው ግን አልቆመም። መሪው ደግሞ እጄ ውስጥ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። የኋላውን ረገጥኩት፣ ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተትኩ፣ ስቶፑን አልፌ መሐል መንገድ ላይ ነው የቆምኩት። ሴትየዋ ጋሪውን መልሳ ስባው ነበር። አንድም ነገር አልተናገረችኝም። አየችኝና ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት ልጄ በዚያች ቬስፓ ወደ ጓደኛዋ ቤት ልትሄድ ነበር።

ቬስፓዋን እየገፋሁ ተመለስኩ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። (አሁን አነበበች።)

ከኛ በስተደቡብ፣ ሴንት ክሌር ዌስት ላይ ኮርሶ ኢታሊያ የሚባል የጣልያኖች ሠፈር አለ። እዚያ አካባቢ በቤታቸው ጋራዥ ቬስፓ የሚጠግኑ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ አሉ ተብለን ሄድን። እንግሊዝኛቸው እንደኔው ነው፣ የተሰባበረ። ነገሩን ላስረዳቸው ስሞክር «ቤሪንግ» የምትለው ቃል ጠፋችብኝና ሳላስበው «ኩሽኔታ» አልኩ። ቀና አሉ። «ኩሺኔቶ?» አሉኝ። «ታምቡር» አልኩ፤ «ታምቡሮ!» አሉ። «ዳዶ»፣ «ብሎን»፣ «ላሜራ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፓራኦሊዮ»... እኔ በጠራሁ ቁጥር እሳቸው ጫፏን እያስተካከሉ ይመልሳሉ። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። «አባዬ፣ ጣልያንኛ ትችላለህ እንዴ?» አለች። «ኧረ አማርኛ ነው!» አልኳት። እውነቴን ነው። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ከየጋራዡ አልወጡም። የአዲስ አበባ መካኒክ እስከ ዛሬ በእነሱ ነው የሚሠራው።

ሽማግሌው ጎማውን አውርደው ታምቡሩን ሲያወጡ ከመሐሉ የተጠቀለለ የላሜራ ቁራጭ ወደቀ። አነሡትና ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ካሊፐር አምጥተው ለልጄ ሰጧትና «አንቺ ለኪው» አሏት። ከሹካው ላይ ወጥቶ ጎማውን የሚሸከመውን ዘንግ ለካች፤ 16 ሚሊሜትር። ከአዲስ አበባ የመጣውን ታምቡር ቀዳዳ ለካች፤ 20 ሚሊሜትር። የተሰነጠቀውን የድሮውን ለካች፤ 16።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያጆ ይህን የቬስፓ ዓይነት በ1977 አካባቢ ሲያወጣ የፊት ዘንጉ 16 ሚሊሜትር ነበር። በ1982 ገደማ ወደ 20 አወፈረው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ታምቡሩ ያው ነው፤ ያው ድስት፣ ያው ጎማ የሚገጥምበት። የተለየው ከመሐል ያለችው ቀዳዳ ናት። ጋራዡ ያለው ልጅ በዘንጉና በቀዳዳው መሐል የቀረውን ክፍተት፣ በየጎኑ 2 ሚሊሜትር መሆኑ ነው፣ ላሜራ ጠቅልሎ ሞላው። በእጅ ሲያሽከረክሩት ይዞራል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ሰው ሲቀመጥበትና ፍሬን ሲያዝ ግን ላሜራው ይጨፈለቃል። ታምቡሩ መሐሉን ይለቅቃል፣ እንደ ተጣመመ ቸርኬ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መሪው የተንቀጠቀጠብኝ ለዚህ ነው። ሸራው ድስቱን በአንድ ወገን ብቻ ይነካል፣ በሌላው ወገን አየር ይጨብጣል። በዚያ ላይ ግራሶውን ከኩሽኔታው ውስጥ የሚያግደው ፓራኦሊዮ የሚወዛወዝ ነገር ላይ መዝጋት ስለማይችል ግራሶው ወደ ሸራው ወጥቷል። ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ ቅቤ እንደተቀባ እጅ ነው፣ ምንም አይዝም።

«ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብለው ላኩልህ?» ብለው ጠየቁኝ። «78» አልኩ፤ ይኸው አንድ ዓይነት ዓመት አይደለም ወይ ብዬ ልከራከር ስል ልጄ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። «አባዬ፣ አጎቴ ሊብሬ ላይ ያየው 78 በማን አቆጣጠር ነው?»

በቃ። በኛው አቆጣጠር 1978 ማለት እኮ በፈረንጆቹ ከ1985 መስከረም እስከ 1986 መስከረም ያለው ነው። ዘንጉ ከወፈረ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ! የመኪና ሻጭ ሞዴል ሲጠራ አንዳንዱ በፈረንጅ፣ አንዳንዱ ወረቀቱ ላይ እንዳየው በኛ ነው የሚጠራው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው በጨዋታው መሐል የቱን እንደሆነ ይገባዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ቶሮንቶ ከኖሩ በኋላ ግን ጆሮ አንደኛውን ብቻ መስማት ይለምዳል። ወንድሜ አልዋሸም፣ ሻጩም አልዋሸም። ልጆች፣ ሒሳብ ለምን እንማራለን ብላችሁ ስትጨቃጨቁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 መደመርን አስታውሱልኝ።

ሽማግሌው እየሠሩ ያስረዱን ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። መብራት፣ መቀመጫ፣ መስታወት፣ የጎን ሽፋን ከየትኛውም ዓመት አምጥተህ ግጠም፤ ቢበዛ ያስጠላል። የፊት ፍሬን ግን ቤተሰብ ነው አሉ። ሹካው፣ ዘንጉ፣ ኩሽኔታው፣ ፓራኦሊዮው፣ ሸራዎቹ የተቀመጡበት ሳህንና ታምቡሩ ተለካክተው የተሠሩ ናቸው። አንዱን ብቻ ከሌላ ዓመት መውሰድ ካስፈለገ ያ ዓመት በመለኪያ እንጂ በቃል አይታወቅም። ከዚያ ይልቅ ሙሉ ቤተሰቡን መቀየር ይሻላል። ለምሳሌ ቬስፓ በ1998 በዚሁ ዓይነት ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን አምጥቷል፤ የድሮ ባለቤቶች ፍሬናቸውን ማሻሻል ሲፈልጉ ሹካውን ከነዲስኩ፣ ከነዘንጉ አንድ ላይ ነው የሚያወርሱት። ዲስኩን ብቻ ፈልጎ ያገኘ የለም።

ሆንዳም ጋ ያው ነው። በ1969 የወጣው ሲቢ750 ፊቱ ላይ የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን ይዞ ሲመጣ ዓለም ጉድ አለ። ታናሹ ሲቢ350 ግን በ1968 ሲጀምር ባለ ታምቡር ነበር፣ ዲስክ ያገኘው የ1973ቱ ሲቢ350ጂ ነው። ስሙ ያው፣ ሞተሩ ያው፣ ፊቱ የተለየ። የድሮውን ይዞ የአዲሱን ዲስክ የሚመኝ ሰው የዲስኩ መያዣ የሚታሰርበት ጆሮ ሹካው ላይ ስለሌለ ሹካውንም ጎማውንም፣ ዘይቱን የሚገፋውን መሪው ላይ ያለውን ፓምፕም አብሮ መውሰድ አለበት።

ደግሞ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ነገሩኝ። «የሻሲ ቁጥሩን አይቼ ዓመቷን አወቅሁ አትበል» አሉ። የቬስፓ አካል ላይ የተመታ ቁጥር አለ። የልጄ ቬስፓ ዓይነት በ«ቪኤስኤክስ1ቲ» ይጀምራል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ አካሉ ብቻ ነው። ሹካው በመሐል በአደጋ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ማን ያውቃል? ከዘጠናዎቹ ወዲህ ከቬትናም እየተጠገኑና እየተቀቡ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተሸጡ የድሮ ቬስፓዎች አሉ፤ ቀለማቸው እንደ ከረሜላ ያምራል፣ ስር ግን ከሦስት አራት ቬስፓ የተበየዱ ይገኙባቸዋል። የሕንዱ ባጃጅም አለ። ኩባንያው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር፤ ፈቃዱ ሲያልቅ በ1972 ቼታክ የሚባል የራሱን አወጣ፣ መልኩ ከቬስፓ ብዙም አይርቅም። ዕቃውም መሳ ለመሳ ይመስላል፤ እዚያ ላይ ነው ወጥመዱ። አዎ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ለዕረፍት ስትሄዱ የምትሳፈሩባት ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ የዚሁ ኩባንያ ልጅ ናት። በሚቀጥለው ስትሄዱ የፊት ጎማዋን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ በአንድ ወገን ብቻ ነው የተያዘው፣ እንደ ቬስፓ። ይህን ያመጣው በ1946 የመጀመሪያዋን ቬስፓ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነው፤ ሰውየው የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን አሰረው፣ ሲተነፍስ እንደ መኪና ጎማ በቀላሉ ፈቶ ለመቀየር። ቬስፓ ማለት በጣልያንኛ ተርብ ነው። ድምፅዋን የሰማ አይጠይቅም።

ጎማ ካልን ዘንድ ቤት ውስጥ ለሚፈቱ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ። የእነዚህ ቬስፓዎች ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተጋጠመ ነው። ጎማውን ከታምቡሩ የሚያስረው ዳዶ ሌላ፣ ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ የሚይዘው ዳዶ ሌላ። አየሩ ሳይወጣ የተሳሳተውን የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ የሚነሣው።

ሌላው አቧራው ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ አዝቤስቶስ አለበት። ሲተነፍሱት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። ካናዳ አዝቤስቶስ ያለበትን ዕቃ ማስገባትና መሸጥ የከለከለችው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው፤ ጓሮአችሁ ያለችው ሞተር ግን ሕጉን አላነበበችም። አባቴ ታምቡሩን ከፍቶ በአፉ «እፍ» ሲል፣ እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ሳይ ትዝ ይለኛል። እፍ አይባልም፣ በኮምፕሬሰርም አይነፋም። ልጆቹን አርቁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ቋጥሩ። ሽማግሌው ከታምቡሩ ጋር ከአገር ቤት የመጡትን ሸራዎች እንኳን ሳያዩ ነው ቋጥረው ያስወገዷቸው።

ወረቀቱን በተመለከተ በአጭሩ። ኦንታሪዮ ውስጥ ያገለገለ ሞተር ለመንገድ ብቁ ተብሎ እንዲመዘገብ የሴፍቲ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ የሚያገለግለው ለ36 ቀን ነው፣ የሚመሰክረውም በተመረመረበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ለሆነው ደግሞ ታሪካዊ ታርጋ የሚባል አለ። እሱን የሚሰጡት ግን ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ በመሠረቱ ላልተለወጠ ነው፤ መንዳትም የሚቻለው ለሰልፍ፣ ለኤግዚቢሽን፣ በክለብ ለተዘጋጀ ጉዞና ለመሳሰሉት እንጂ ወደ ሥራ ለመመላለስ አይደለም። ልጄ ኮሌጅ ልትሄድባት ስለፈለገች መደበኛውን ታርጋ አወጣን።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ከጓሮ ሽያጭ የተገዛ፣ ከጎረቤት የተሰጠ፣ ከትልቁ ልጅ ወደ ትንሹ የወረደ ብስክሌት ሁሉም ጋ አለ፤ አንዱ ወላጅ ደግሞ ከሁለቱ አንድ ለመሥራት ሳይሞክር አይቀርም። ፊት ለፊት ቆማችሁ የፊት ፍሬኑን እዩ። ከጎማው ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ካሉት ቪ ብሬክ ይባላል፤ እሱ ብዙ ካቦ የሚስብ እጀታ ይፈልጋል። የድሮው፣ ከላይ እንደ መቆንጠጫ ጎማውን የሚያቅፈው ዓይነት ደግሞ ጥቂት የሚስብ እጀታ ይፈልጋል። የድሮውን እጀታ በቪ ብሬኩ ላይ ብታስሩት ፍሬኑ በደንብ ሳይይዝ እጀታው መሪው ላይ ይደርሳል፤ እኔ ላይ እንደደረሰው ማለት ነው። በተቃራኒው ካደረጋችሁት እጀታው ደረቅ ይልና የልጅ እጅ ኃይል አይበቃውም። ጎማም እንዲሁ። «20 ኢንች» የሚባል የልጆች ጎማ ሁለት ዓይነት አለ፤ በጎኑ ላይ በትናንሽ ፊደል ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው 406 ወይም 451 ይላል፣ አንዱ የአንዱ ቸርኬ ላይ አይገባም። ልጅን መንገድ ላይ ከመልቀቅ በፊት ብስክሌቱን ያዙ፣ የፊቱን ፍሬን ልጁ ራሱ በራሱ እጅ እንዲጨብጥ አድርጉና ወደ ፊት ግፉት። ጎማው ከዞረ አይሄድም።

ሽማግሌው 16 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው አዲስ ታምቡር፣ አዲስ ሸራ፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ አስመጡ። ዋጋው እኔ «በነጻ» ካስመጣሁት ታምቡርና ለጋራዡ ከከፈልኩት ያነሰ ነበር፤ ይህንንም ሚስቴ አሁን አነበበች። የሙከራ ጉዞውን እሳቸው ራሳቸው አደረጉት፣ በሰባ ምናምን ዓመታቸው፣ ሄልሜታቸውን አጥልቀው። ሰርተፊኬቱንም አገኘን። ልጄ ከዚያ ወዲህ በዱፈሪንም በኦክውድም ትመላለስባታለች፤ እኔ ድምፅዋን ከሩቅ ስሰማ እስክትቆም ድረስ ወጡን ማማሰል አቆማለሁ።

ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ታምቡር ሱቅ ውስጥ ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ሂሳብ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስድ ይጫናል። ልጄ በማርከር ጽፋበታለች፤ 1978 ዓ.ም.፣ 1985/86 እ.ኤ.አ.፣ 20 ሚ.ሜ.። ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም።

ባለፈው ወር ወንድሜ ደወለ። ነገሩ አናድዶት ከርሟል። «አሁን ትክክለኛውን አግኝቻለሁ፣ የ70 ሞዴል፣ በኛ!» አለ። በልቤ ስደምር 1977/78 ሆነልኝና «ይግዛው እንዴ?» ብዬ ልጄን ጠየቅኋት። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ቀዳዳውን ለካና ፎቶ ላክልኝ» አለችው። «በምን ልለካው ልጄ? ካሊፐር ከየት አመጣለሁ?» አላት። ማታ ፎቶው መጣ። ታምቡሩ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ በቀዳዳው ላይ የትንሹ ልጁ የትምህርት ቤት ማስመሪያ ተጋድሞበታል፣ ጎኑ ላይ የልጁ ስም በእስክሪፕቶ ተጽፏል። ልጄ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። 16 ይነበባል።